ኮፍያ የለበሰው ጌጅ

አላህ ማረፊያቸውን ያስፋላቸውና፣ አብቲ የምላቸው የእናቴ ወንድም የግፊት መለኪያው ጌጅ ላይ አፍጥጦ የሚጠብቅ ሰው አይወዱም ነበር። ቱሊ ጉሌድ አጠገብ ጋዝ በሸክላ አለት ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ስንፈትሽ፣ ጋዙን ወደ ጉድጓዱ አስገብተው ቫልቩን እንደዘጉ ኮፍያቸውን አውልቀው ጌጁን ይሸፍኑታል። «ሰው ሲያፈጥበት ያፍራል» ይሉና ለሁላችን ሻሂ ይቀዳሉ።

ስሌቱን በኮምፒውተር የምሠራው እኔ ነኝ። «አብቲ፣ በሞዴሉ ከሆነ እስካሁን ማለፍ ነበረበት» ስላቸው፣ «ሻሂሽን ጠጪ። አለቱ ያንቺን ኮምፒውተር አላየም» ይሉኛል። ብርጭቆዬ ባዶ ሲሆን «በይ ግለጪው» ይላሉ። መግለጥ ሁልጊዜ የእኔ ድርሻ ነበር። የጌጁ ቀስት ወርዶ ከሆነ ጋዙ መንገድ አግኝቷል፤ ካልወረደ ኮፍያው ይመለሳል፣ ሻሂውም ይደገማል።

ከቀብራቸው በኋላ ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እሳቸው ወጣን። ቫልቩ ሲዘጋ ከትከሻዬ ላይ ሻርፔን አንስቼ ጌጁን ሸፈንኩት። ሻሂ ተቀዳ፣ ጠጣን። የሁላችንም ብርጭቆ ባዶ ሆነ። ባልደረቦቼ እኔን እኔን ያያሉ። እኔ ደግሞ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ግለጪው እስክባል እጠብቃለሁ።