ሰባተኛው መጽሐፍ ለአርቮ የተነበበለት ጊዜ

አርቮ ሌህቲነን ሥራ ላይ እያለ ምሳውን በግራ እጁ ነበር የሚበላው፤ ቀኙ መጽሐፍ ይዛለች። ተንደር ቤይ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ትልልቅ የእህል ጎተራዎች በአንዱ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቷል። ዛሬም ከመደርደሪያው አንዱን መጽሐፍ አውጥታችሁ ብትገልጡ ከገጾቹ መሃል የሚወጣው የስንዴ ብናኝ ያስነጥሳችኋል። ዘንዶ ያለበት፣ ጠንቋይ ያለበት፣ የሚናገር ፈረስ ያለበት፣ ብቻ ከፊቱ የማይታወቅ አገር ካርታ ያለበት መጽሐፍ ከሆነ አርቮ አንብቦታል። ካርታ የሌለውን በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እኛ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ወዳጆች ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት እንሰበሰባለን። ስምንት ነን፤ ሰው ሲበዛ አሥር። ሮዝ ቅባት የተቀባውን ዶናታችንን እየገመጥን በየተራ «አሁን ምን ላይ ነህ?» እንባባላለን። የተጠየቀው የመጽሐፉን ስምና የደረሰበትን ገጽ ይናገራል፤ ከዚያ ገጽ ወዲያ ስላለው ማንም ትንፍሽ አይልም። ትንፍሽ ያለ «አፈሰሰ» ይባልና የብስክሌት ደወል ይደወልበታል። አሥራ አንድ ዓመት ደወሏን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጨካኝ ነበርኩ። አንዱ ገና «እንዴት ያሳዝናል መሰላችሁ» ከማለቱ ደውዬበት ተቀይሞ ቀረ፤ እስካሁን አልቆጨኝም።

አርቮ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው «የጨው በሮች» የሚባለውን ባለ ሰባት ቅጽ ታሪክ ነው። በስድስቱ ቅጾች ውስጥ ንግሥቲቱ ስም የሌለባቸው ደብዳቤዎች ይደርሷታል። ማን እንደሚጽፋቸው አይታወቅም። አርቮ በዚህ ጥያቄ ሃያ ሁለት ዓመት ተብሰልስሏል፤ ሰባተኛውን ቅጽ ብቻ ዘጠኝ ዓመት ጠበቀው። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ዓይኑ ከዳው። መሃሉ ላይ ጭጋግ ገባበት፤ ዳር ዳሩን ያያል እንጂ ፊደል አይለይም።

በድምፅ የተቀዳውን ገዛንለት። አንድ ምዕራፍ ሰማና ማዳመጫውን ወረወረው። «ሰውዬው ንግሥቲቱንም ፈረሱንም በአንድ ድምፅ ነው የሚያናግራቸው!»

እኛው በተራ እናንብብለት አልን። የመጀመሪያዋ ተረኛ እኔ ነበርኩ። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ሽማግሌው ምግብ አብሳይ «ሾርባ ይዞ ገባ» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

«ቤቭ» አለኝ አርቮ፣ «ሰው ሾርባ ይዞ ሲገባ ምን ያስለቅሳል?»

ቶሎ ገጹን ገለጥኩ።

«ሊሞት ነው አይደል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሥራ አንድ ዓመት በሰው ላይ ስደውል የኖርኩት ሴትዮ በአንድ ሰሃን ሾርባ አፈሰስኩ! በማግስቱ ቅዳሜ ደወሏን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጬ «ያሻችሁ ያዟት» አልኳቸው።

ሌሎቹም ከእኔ አይሻሉም። ክሊፎርድ ጥሩ ቦታ ሲደርስ ይፈጥናል፤ ሚስቱ ቀልዱ ከመምጣቱ ሁለት መስመር ቀድማ ትስቃለች። ሁላችንም መጽሐፉን በወጣበት ሳምንት ጨርሰነው ነበር። ለአርቮ የሚያስፈልገው ያላነበበ አንባቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በእኛ መሃል የለም።

ያኔ ነው ታላቅ እህቱ ኢርያ ትዝ ያሉን። ኢርያ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከአበባ ዘር ዝርዝርና ጋዜጣ ላይ ከሚወጣ የሞት ማስታወቂያ በቀር ምንም አያነቡም። አርቮን በመኪናቸው ያመጡትና እኛን ላለመስማት በሩ አጠገብ ሹራብ ይሠራሉ። ስንለምናቸው ቀና ብለው አዩን።

«የሌለ አገር ካርታ! ተሳፍራችሁ አትሄዱበት!» አሉ። «ይሁን፣ አነብለታለሁ። እንድወደው ግን አትጠብቁ።»

በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሄል ያለበት ዳቦ ጋግረው ይሄዱለትና ያነቡለት ጀመር። አንድ ቀን አብሬ ሰማሁ። «ዘንዶው፣ ክንፉን፣ ዘረጋ» የሚሉት ከግብር ቢሮ የመጣ ደብዳቤ በሚነበብበት ድምፅ ነው። መሃል ላይ ያቆሙና «ይቺ ንግሥት በበረዶ ኮት የማትለብሰው ለምንድነው?» ይላሉ። አርቮ ደስታውን አልቻለውም። «ቤቭ፣ ሰማሽ? ከዚህ ድምፅ ምንም አይፈስም!»

ስልሳ ገጽ ሲቀረው ኮሪን የምትባል አዲስ ሴት ቅዳሜ ላይ መጣች። ደስ የምትል፣ አፏ የማያርፍ። ተራዋ ሲደርስ «እኔ ‹የጨው በሮች›ን ከጨረስኩ ቆየሁ» አለች። «ከሁሉም የምወደው ታንኳ ቀዛፊውን ነው። እጁ እኮ ሁልጊዜ—»

ደወሏ በእኔ እጅ ስለሌለች ልንገራችሁ፦ የደብዳቤዎቹ ጸሐፊ ታንኳ ቀዛፊው ነው። እጁ ሁልጊዜ ቀለም እንደነካው ነው። አርቮ ይህን አያውቅም፤ ኮሪን ደግሞ አርቮን አታውቅም። እኔ እግሬም ምላሴም ተሳሰረ።

ደወሏ ጮኸች! ኢርያ ሹራቡን ጥለው፣ ክሩ ከኋላቸው እየተጎተተ፣ ደወሏን አንስተው ያለ ማቋረጥ ይደውላሉ።

«ምን ሆንሽ?» አለ አርቮ ደንግጦ። «ቀዛፊው ምን አለው?»

«አስጠላኝ» አሉ ኢርያ። «ጀልባውን የማያጥብ ዝርክርክ! ስሙ ሲነሳ ያመኛል።»

አርቮ ሳቀ። «በቃ፣ እሷ እንዲህ ናት። በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሦስት ከጠላችው የአየር ትንበያ አንባቢ ጋር እንኳ እስካሁን አልታረቀችም።»

አመናቸው! እኔ ግን ኢርያን አየሁ፣ ኢርያም እኔን አዩኝና ወደ ክራቸው ጎንበስ አሉ። ያላነበበ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ደወል እንደማያነሳ አሥራ አንድ ዓመት የደወለች ሴት ታውቃለች። መጨረሻውን ለብቻቸው አንብበውታል! የቀረን ስልሳ ገጽ ነው፤ አንባቢያችንም እንደ እኛው መጨረሻውን ያወቁ ሆነው አረፉ። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ዕለት ከስምንታችን አራታችን አርቮ ማዕድ ቤት ተገኘን። ትንፋሻችን እንዳያፈስ ወንበሮቻችንን ወደ ግድግዳው አዞርን። ኢርያ መነጽራቸውን ጠርገው ጀመሩ። ንግሥቲቱ ወደ ወንዙ ወረደች። ቀዛፊው እጁን ዘረጋላት። ክሊፎርድ ክንዴን ያዘኝ። ኢርያ ከእዳ ማስታወቂያ በማይለይ ድምፅ፣ ቃል ሳያፈጥኑ፣ ቃል ሳያዘገዩ፣ «በጣቶቹ ላይ፣ የሃያ ዓመት፣ ቀለም፣ አየች» ብለው አነበቡ።

አርቮ ጠረጴዛውን መታው፤ ዳቦው ዘለለ።

«ቀዛፊው! ቀዛፊው ነው! ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ እዚያው ታንኳው ላይ ነበር እኮ!» ሳቀ፣ አለቀሰ፣ ያ ከጎተራው ብናኝ የተረፈው ሳሉ እስኪነሳ ድረስ ሳቀ። ዞረን ስናየው ፊቱ በእንባ ርሷል፤ እኛም ዝም ብለን አለቀስን፤ እንዴት ደስ እንዳለን! ከዚያ ድንገት ቀጥ አለ።

«ቆይ። ያኔ… ደወሉ! ኢርያ! አውቀሽ ነበር!»

«ከዚያ ቅዳሜ በፊት፣ ማክሰኞ ነው» አሉ ኢርያ፣ ገጹን እያስተካከሉ። «ሳውናው እስኪግል ብዬ ገለጥ አደረግኩት። ሳውናው ግሎ በረደ።»

በቀጣዩ ቅዳሜ «አሁን ምን ላይ ነህ?» ሲባል አርቮ ጣራ ጣራውን እያየ «እንጃ፣ እኔስ ባዶ እጄን ነኝ» አለ። ያኔ የወንበር መንቋቋት ሰማን። ኢርያ ወንበራቸውን ከበሩ አጠገብ እየጎተቱ መጥተው ከመሃላችን ተቀመጡ።

«‹የጨው በሮች›፣ አንደኛው ቅጽ፣ ገጽ ሰማንያ ሁለት» አሉ። «ከመጨረሻው ነው የጀመርኩት፤ የሚስቅ እንዳይኖር። ስምንት ሰዓት ላይ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ አርቮ መስማት ከፈለገ ይስማ።» ደወሏን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጓት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ይሄ ዮርን የሚባለው የፈረስ ጠባቂ ግን ደህና ይሆናል አይደል? ደግ ሰው ነው።»

ትንፋሻችንን ያዝን። አርቮ ሃያ ሁለት ዓመት ለዮርን አልቅሷል። ፊቱ ደግሞ ምንም መደበቅ አያውቅበትም። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያም ከግብር ቢሮ የመጣ ደብዳቤ በሚነበብበት ድምፅ መለሰላቸው።

«እኔ፣ ምን፣ አውቄ።»