ጥቁሩን የዋና ቱታ ልልበሰው ወይስ ልተወው

ዓርብ ጠዋት፣ ከባሕር ዳር

ከባሕር ዳር የተነሣሁት አንድ ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቄ ነው። የምሄደው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ለሚደረግ አጭር ትራያትሎን ነበር፤ አራት መቶ ሜትር ዋና፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ ቀጥሎ ሩጫ። ዋና የተማርኩት ኩዌት ውስጥ የሰው ቤት ስሠራ፣ የአሠሪዬን ልጆች ገንዳ ዳር ስጠብቅ ነው። ከዚያ ይዤ ከመጣሁት ዕቃ አንዱ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያለብስ ጥቁር የላስቲክ ቱታ ነው። ሙቀት ይይዛል፤ ሰውነትንም ወደ ላይ ያንሳፍፋል።

ጣና ላይ ለብሼው አላውቅም። ይህ ግን የጉና ብርድ የሚያድርበት ውኃ ነው። አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ ባቴ ተሸማቅቆብኝ ልሰጥም ነበር፤ ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። በሌላ በኩል ደግሞ ሌላው ሁሉ በቁምጣ ሲገባ እኔ ብቻ በላስቲክ ተጠቅልዬ መታየቱ አሳፈረኝ። ይህ ክርክር እስከ ወረታ አብሮኝ ተሳፈረ።

ከወረታ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ሲጠማዘዝ ብርዱ ገባ፤ መስኮቱ ተዘጋ። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ ጉዳዬን ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«እዚያ ውኃ? ለጨዋታ?» አሉ። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር

ውድድሩን ያዘጋጀው ይርጋ የሚባል የስፖርት መምህር ነው። ድንች ወጥ ጋብዞኝ በሞተር ብስክሌቱ ወደ ሐይቁ ወሰደኝ። የውኃውን ሙቀት ለካና «አሥራ ስድስት ዲግሪ። ቱታው ክልክልም ግዴታም አይደለም፤ እንደወደድሽ» አለኝ።

ሐይቁ ቀድሞ መንደር ነበር። ሰዉ ወጥቶ ዛፉ ቀርቷል። የደረቁ የባሕር ዛፍ ጫፎች ከውኃው በላይ በረድፍ ቆመው የማን አጥር የት እንደነበር ዛሬም ያሳያሉ። ነፋስ የለም፤ ወፍ እንኳ አይሰማም። ቱታውን ልሞክረው ብዬ ለብሼ ገባሁና እስከ መጀመሪያው ረድፍ ዋኘሁ።

ስመለስ፣ ባዶ የነበረው ዳርቻ ሰው ሞልቶታል። ሠላሳ ያህል ይሆናሉ። ሴቶቹ እንደ ሐዘንተኛ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሁሉም እኔን ያያሉ። ከውኃው መውጣት ፈራሁ፤ እዚያው መቆየትም ፈራሁ።

ስወጣ አንድ ሽማግሌ ቀርበው የቱታዬን እጅጌ ጨበጥ አደረጉ።

«አገኘሽው?»

«ምኑን፣ አባቴ?»

«ልጄን ነዋ።»

ይርጋ ገለል አድርጎ አስረዳኝ። ሰውዬው አያ ካሴ ይባላሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት ልጃቸው ሙላት ሣር ሊያጭድ ወደ ማዶ ሲሻገር ታንኳው ተገለበጠበት፤ አስከሬኑ አልተገኘም። ጥቁር ላስቲክ የለበሱ ሁለት ጠላቂዎች መጥተው ፈለጉ፣ እንመለሳለን ብለው ሄዱ፣ አልተመለሱም። እኔን በዚያ ልብስ ያየ ሰው ተመለሱ ብሎ መንደሩን ጠራ። መቃብሩ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተቆፍሮ፣ አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነው።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ይርጋ «ብርዱ ቀልድ አይደለም፣ ልበሺው» ቢለኝም ነገ ይህን ቱታ እንደማልለብስ ወሰንኩ። ባቴ ቢሸማቀቅም ይሸማቀቅ እንጂ በሰው ተስፋ አልጫወትም አልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ

ጉም ውኃውን ሸፍኖታል። አሥራ ሁለት ተወዳዳሪዎች በቁምጣ ቆመን ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል። አያ ካሴ ከጉሙ ውስጥ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ልብሱን የት ጣልሽው?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ አያ ካሴ። ሰው እንደ ትናንቱ እንዳይሳሳት ብዬ ተውኩት።»

«ይሳሳት ግድ የለም። የሙላት እናት እሱ ከሄደ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። ትናንት ማታ ግን ‹ፈላጊ አለው› ብላ ቀመሰች። ልበሺው ልጄ።»

ለበስኩት። የጀርባውን ዚፕ የሳቡልኝ እሳቸው ናቸው።

ፊሽካው ሲነፋ ሌሎቹ ወደፊት ሄዱ፤ ጉሙም ዋጣቸው። የእጃቸው መንቦጫረቅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። ለዋናው መታጠፊያ የተመረጠው ዛፍ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ፊቴን ነከርኩ፤ ውኃው ድፍርስ ነው፣ እጄ እንኳ አይታየኝም። ልጠልቅ ስል ቱታው መልሶ ወደ ላይ ገፋኝ። ስለዚህ ግንዱን በሁለት እጄ እየጨበጥኩ፣ እንደ መሰላል ወደ ታች ወረድኩበት። ታች ያለው ውኃ ከላዩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። እጄ አጥር ነካ፣ ሽቦ ነካ። ከዚያ የሆነ ለስላሳ ነገር ነካ። ጎትቼ ሳወጣው የበሰበሰ ጆንያ ነው። ሁለተኛ ዛፍ ላይም ወረድኩ። እዚያ ምንም የለም።

ከሁሉም ኋላ ወጣሁ። አያ ካሴ እግራቸው ውኃ ውስጥ ነበር።

«የት የት አየሽ?»

«መታጠፊያው ዛፍ ሥርና ከእሱ ቀጥሎ ካለው ሥር።»

«እንግዲህ እነዚያ ሥር የለም» አሉና ለሚስታቸው ሊነግሩ ሄዱ። እኔም ብስክሌቱን ጋልቤ፣ ሩጫውን ሮጬ መጨረሻ ወጣሁ።

ባሕር ዳር

እሑድ ቤቴ ስገባ ጎረቤቴ «ስንተኛ ወጣሽ?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቱታውን ሰቀልኩና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ስሄድ ጭንቀቴ ስለ ብርድ ብቻ ነበር። ያ ልብስ ለሌላ ሰው ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል አንድም ጊዜ አላሰብኩም።

ከዚያ ወዲህ አራት ቅዳሜ ተመላልሻለሁ። ቱታው እንዳያንሳፍፈኝ ወገቤ ላይ ድንጋይ እቋጥራለሁ፤ ይርጋ ታንኳ ላይ ሆኖ ገመዴን ይይዛል። አያ ካሴ ያየሁትን ዛፍ በጣታቸው እየቆጠሩ ዳር ይቆማሉ። ገና ስድስት ዛፍ ይቀረናል።