ክዳኑ ላይ የነበረው ስም

መቼ እንደሆነ እርግጡን መናገር አልችልም። ልጄ ካረፈ በኋላ፣ በአርባው ሰሞን ነው። ብርዱ እየገባ ነበር ወይስ እየወጣ፣ እሱ ይምታታብኛል። የዚያን ጊዜውን ቀን ሁሉ ሳስበው ደመና ብቻ ነው የሚታየኝ።

ልጄ ግራንድ ፕሬሪ በሚባል ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚሠራው። ቅዳሜ ግን ቤት አይገኝም። ዋይሊ ከሚባለው ከተማ አጠገብ ባለ ሐይቅ ዳር፣ የሕዝብ ፓርክ ውስጥ፣ ሣጥን ደብቆ ነበር። ጨዋታ ነው አሉ። አንዱ ይደብቅና ያለበትን በስልክ ያስታውቃል፤ የማያውቀው ሰው ስልኩ እየመራው መጥቶ ያገኘዋል፤ ስሙን ጽፎ መልሶ ያስቀምጠዋል። እሱም ሣጥኑ ደኅና መሆኑን እየሄደ ያያል።

ምራቴ ትስቅበት ነበር። "ሚስቱን ጥሎ ድብብቆሽ የሚጫወት ባል የደረሰኝ እኔ ብቻ ነኝ" ትለዋለች።

"አንቺም ነይና ፈልጊያ" ይላታል።

ልጅ አልወለዱም። እሱ ከሄደ በኋላ በዚህ በስደት አገር ምድር ላይ በእጁ ያስቀመጠው ነገር ያ ሣጥን ብቻ ሆኖ ታየኝ። ክዳኑ ላይ ስሙን ጽፎበታል፤ የእኔም ስም ከኋላው አለ።

አርባው የተዘከረ ዕለት ከዳቦውም ከቆሎውም ጥቂት ቋጠርኩና ምራቴን ሐይቁ ጋ ውሰጂኝ አልኳት። ሣጥኑ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ የዛፍ ጎድጓዳ ውስጥ ነበር። የቋጠርኩትን በፌስታል ጠቅልዬ ውስጡ አኖርኩት። ያገኘው ሰው ቀምሶ ነፍስ ይማር እንዲል ነው። በቋንቋችን ባይለውም ግድ የለኝም።

"አባባ፣ ምግብ የሚፈቀድ አይመስለኝም" አለች።

"ጸበል ጻዲቅ ምግብ ነው እንዴ?"

ክዳኑን ገጠመችልኝ። ከሆስፒታል ሥራ ወጥታ፣ እንቅልፍ ሳይነካት ነበር ያመጣችኝ።

ብዙም ሳይቆይ የልጄ ስልክ ጠራ። ምራቴ ስልኩን ለማስዘጋት አልጨከነችም ነበር። ከፓርኩ ነው። ራኩን የሚሉት አውሬ ሽታው ስቦት ሣጥኑን ጎትቶ አውጥቶ ሰባብሮታል። ባለቤቱ ካልመጣ እንጥለዋለን አሉ።

ሄድን። የፓርኩ ጠባቂ ዕድሜው የገፋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አደረገልን። ጠርዙ ተነክሷል፤ የቆሎ ፍሬ ጥጉ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። እሱ ሲናገር ምራቴ ትተረጉምልኛለች። ምግብ ክልክል ነው፤ አውሬው ሰው ይለምዳል። የዛፍ ጎድጓዳ ውስጥም አይቻልም፤ እንስሳ ይኖርበታል። ከመንገዱ ዳር፣ ውስጡን በሚያሳይ ሣጥን ከሆነ ግን ይፈቀዳል።

"ኦኬ፣ ይኼ ቀላል ነው" አለች ምራቴ። ቀጥሎ ያለውን ሲነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ። "አባባ፣ ክዳኑ ላይ የባለቤቱ ስም መኖር አለበት ይላል። ኮል ሲያደርጉ ስልኩን የሚያነሳ፣ መጥቶ የሚያይ ሰው። የእርስዎን ላስጽፍ?"

"ያለው ስም ምን ሆነ?"

ጠየቀችው፤ ማረፉንም ነገረችው። ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ነቀነቀ።

"በጣም አዝናለሁ ይላል። ግን ሩሉ፣ ሕጉ ነው።"

"ስልኩን አንቺ እያነሳሽ አይደል?"

"አነሳለሁ፤ ግን እኔ እሱ አይደለሁም፣ አባባ።"

የተነከሰውን ክዳን አየሁት። እሱ ሲጻፍ እኔም ከኋላው እጻፋለሁ። እኔ ስጻፍ ግን የሚከተለኝ አባቴ ነው፤ ልጄ የትም የለበትም። ምራቴም ብትጻፍ የምታስከትለው የራሷን አባት ነው። ስሙን ተሸክሞ የሚሄድ ልጁ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ አልተወለደም።

"በቃ ይጣሉት" አልኩ።

"ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስነጫነጭበት የኖርኩት እኔ፤ ዛሬ ይጣል የሚሉት እርስዎ!" አለች። ዕንባዋ እየወረደ ነበር የምትስቀው። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞራ በራሷ ስም አስጻፈች።

አዲሱን ሣጥን ከመንገዱ ዳር ስናስቀምጥ ዝናብ ያካፋ ነበር። ዝቅ ብዬ አየሁት። የሷ ስም ነው፤ የአባቷ ስም ነው። የልጄ ስም ከዚያ ፓርክ በዚያ ቀን ወጣ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ሰዎቹን ግን አልቀየምኩም።

አጠገቡ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መነሳት አቃተኝ። ብብቴ ስር ገብታ "ይደገፉኝ፣ ቀስ ብለን እንሄዳለን" አለችኝ። ቀስ ብለን ሄድን። ያን ዘመን በእግሬ የወጣሁት በሷ ነው፣ በልጄ ሚስት።