የፍሪጄ ነገር

መኪናዬ ውስጥ ፓርላማ አለ። መኪናው የኔ ነው፣ የምነዳውም እኔ ነኝ፣ ያለኝ ድምፅ ግን አንድ ብቻ ነው። ይህን ሕግ ያወጡት ከኋላ የሚቀመጡት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ፣ ሃይዌይ ላይ መንዳት የሚፈሩ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ዳላስ ዳር ካለችው ሮውሌት በውስጥ ለውስጥ መንገድ እያዘገሙ ሌክ ሃይላንድስ እኔ አፓርትመንት ድረስ ይመጣሉ፤ መኪናቸውን እዚያ አቁመው አብረን ፎርት ዎርዝ ወዳለው የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ እንሄዳለን። እኔ በአንዱ መስመር ላይ ሊድ ነኝ፣ ማለትም የስምንት ሰው አለቃ። እሳቸው ቁጭ ብለው ተመላሽ ዕቃ ይመረምራሉ።

ሁለት ሳለን ፓርላማ አላስፈለገንም። እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ "እሺ ጋሼ" እላለሁ። ነገር የመጣው ሦስተኛዋ ስትጨመር ነው። በኤጀንሲ በኩል ተቀጥራ እኔ መስመር ላይ የተመደበች ሴት ነበረች፤ ከኔ ሕንፃ ጀርባ ትኖራለች፣ መኪና የላትም፣ እባክህ አብሬህ ልሂድ አለችኝ። እሺ አልኩ። በመጀመሪያው ቀን ቀበቶዋን እያሰረች ሳለ ከየት እንደመጣች ጠየቅኳት።

"ከደቡብ አፍሪካ" አለች።

እግሬ ፍሬኑ ላይ ደርቆ ቀረ። እኔ ዳላስ ከመግባቴ በፊት ከጆሃንስበርግ ወጣ ያለ ሰፈር ውስጥ ስድስት ዓመት ሱቅ ነበረኝ። ግማሽ ዳቦ፣ አንድ እንቁላል፣ አንዲት ሲጋራ የምሸጥ፣ የማን ልጅ ምን ብስኩት እንደሚወድ የማውቅ ባለሱቅ ነበርኩ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ በየጠዋቱ ዳቦ የሚገዛኝ ጎረቤቴ መደርደሪያው ላይ ተደግፎ "አንተን አንጠላህም፤ ግን መጀመሪያ የራሳችን ሰው" አለኝ። አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ በትሕትና ነው ያለኝ። በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። እኔ ማዶ አንዲት አሮጊት ጓዳ ተደብቄ በመስኮት አያለሁ። ሩዙ ሲሄድ ቻልኩት፣ ዱቄቱ ሲሄድም ቻልኩት። ፍሪጄን ግን አራት ሰዎች ተሸክመውት ሲወጡ፣ ያ ጎረቤቴ ከፊት ከፊት እየሄደ "ቀስ! እንዳይጋጭ!" ይላል። ለኔ ያላዘነ ሰው ለፍሪጁ አዘነለት።

እና ያችን ሴት አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም ብዬ አመላለስኳት። በሁለተኛው ሳምንት ግን አላስቻለኝም።

"ሶ፣ እናንተ አገር ፍሪጅ አይሸጥም እንዴ?" አልኳት።

ከዚያ በኋላ የተነሳውን ጭቅጭቅ ጋሼ ናቸው በሕግ የገዙት። ራሳቸውን አፈ ጉባኤ አድርገው ሾሙ። አንድ ሰው የሚናገረው ከአንድ ኤግዚት፣ ከሃይዌዩ መውጫ፣ እስከሚቀጥለው ኤግዚት ነው፤ ኤግዚቱ ሲያልፍ ከኋላ "ሰዓት!" ይላሉ። ሬዲዮና ኤሲ በድምፅ ብልጫ ይወሰናሉ። ለውጡን መጀመሪያ ደግፌ ነበር፣ በኋላ ግን ሁለቱም ብርድ የማይወዱ ሆነው ተገኙ። በቴክሳስ ሐምሌ፣ በገዛ መኪናዬ ውስጥ፣ ሁለት ለአንድ እየተሸነፍኩ በላብ እጠመቃለሁ።

እሷም በተራዋ የአገሯን ነገር ታወራ ነበር። አገሪቱ ለሁሉም እኩል ድምፅ የሰጠች ጊዜ ልጅ ነበረች፤ እናቷ እጇን ይዛ ረጅም ሰልፍ ላይ አቁማታለች። እናቷ ነጮች ሰፈር የሰው ቤት የምታጸዳ ሴት ናት።

"ድምፅ ሰጥታ እየዘፈነች ተመለሰች" አለች። "በማግስቱ ሄዳ ያንኑ ወለል ወለወለች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ያንኑ ወለል።"

"ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? ወለሉ የኔ ነው?"

"አይደለም። ግን ምርጫ ሲደርስ ሰውየው ሰፈራችን መጥቶ 'ሥራችሁን ማን ወሰደው?' ይላል። ትልቁ ቤት ሩቅ ነው፣ አጥር አለው፣ ውሻ አለው። ያንተ ሱቅ ቅርብ ነበር።"

"ኦኬ፣ ጥፋቴ ውሻ አለመግዛቴ ነው ማለት ነው" አልኩ። ጋሼ እስከሚቀጥለው ኤግዚት ሳቁ። እሷም ሳቀች። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳት። የፍሪጁን ታሪክ ከነ"እንዳይጋጭ"ዋ፣ በነሱው ቋንቋ፣ ሰውየውን እያስመሰልኩ ነገርኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

መስከረም ላይ ሱፐርቫይዘሬ ጠራኝ። የኤጀንሲ ሰዎች ውል ሊያልቅ ነው፤ እኔ መስመር ላይ አንድ ፐርማነንት ቦታ አለ። "ወይ እሷን አስቀራት፣ ወይ የምትተማመንበት ሰው አምጣ፤ ዓርብ ንገረኝ" አለኝ። ካልቀረች ሥራ የላትም። መኪና ለሌላት ሴት ደግሞ እዚህ አገር ሌላ ሥራ መፈለግ ማለት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። እኔም የመጀመሪያው ዓመት ላይ የእግረኛ መንገድ በሌለው ሃይዌይ ዳር በእግሬ ሄጃለሁ።

ነገሩ መስመሩ ላይ ተወርቶ እሷም ሰማች፤ ጋሼም ጆሮ ደረሰ። የእህታቸው ልጅ ዲቪ ደርሶት ከደሴ ከመጣ አራት ወሩ ነው፣ ሮውሌት እሳቸው ቤት ሶፋ ላይ ይተኛል፤ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ እዚያው ደሴ ናቸው። ሐሙስ ከሥራ ስንመለስ ጋሼ ከኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። እሷ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ አማርኛ ስለማትሰማ አልተጨነቁም።

"ልጄ፣ የራሳችን ልጅ ሥራ ፈትቶ እያለ ለባዕድ ይሰጣል? ያውም ለነሱ! ፍሪጅህን ረሳኸው እንዴ?"

"ልክ ነዎት ጋሼ" አልኩ፣ ሳላስብ፣ አፌ እንዳመጣልኝ። "መጀመሪያ የራሳችን ሰው።"

ያልኩትን ራሴ ሰማሁት። ያንን አባባል የት እንደሰማሁት አልጠፋኝም፤ አንገቴን እንኳ ደፋ አድርጌ ነበር ያልኩት።

"ስለኔ ነው፣ አይደል?" አለች እሷ። ጋሼ ወደ ወንበራቸው ሸሸት አሉ፤ እሷ ቀጠለች። "ቋንቋውን አላውቀውም። ዜማውን ግን ሰፈራችን ስብሰባ ላይ ዘምረነዋል። እኔም ዘምሬያለሁ።" እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። "ያን ጊዜ እኛ ሰፈር የነበረው ሱቅም የአንድ የአገርህ ልጅ ነበር። ሰው ሁሉ ሲገባ ገባሁ። አንድ ጠርሙስ ዘይት ይዤ ወጣሁ። ፍሪጅ የሚያህል አልነበረም። ግን ወሰድኩ።"

አንድ ኤግዚት አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ጋሼ "ሰዓት" አላሉም።

እኔ ደሜ ፈላ። አራት ወር ሙሉ ስታስቀኝ፣ እኔም ስስቅላት! በማግስቱ ጠዋት፣ ጋሼ ገና ሳይደርሱ፣ ፓርኪንጉ ላይ ጠየቅኳት። "ለምን ዛሬ፣ ማለቴ ለምን በዚህ ሰዓት ነገርሽኝ? ሥራሽ እኮ በኔ እጅ ነው!"

"ለዚያ ነዋ" አለች። "ዝም ብዬ ሥራውን ባገኝ ሌላ ጠርሙስ የወሰድኩ ይመስለኛል።"

ገብቼ ሞተር አስነሳሁ። መንገዱን ሁሉ የጋሼን የእህት ልጅ ስም አፌ ላይ ይዤ ነዳሁ። ለእሷ የምላትንም አዘጋጅቻለሁ፦ በጣም አዝናለሁ፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ፣ ሌላ ቦታ ማመልከቻ ስትሞዪ እረዳሻለሁ። ጥሩ ንግግር ነበር። ሱፐርቫይዘሬ ቢሮ በር ላይ ስደርስ ግን ንግግሩ ምን እንደሆነ ገባኝ። እኔ ፍሪጁን ከሚሸከሙት አንዱ እንኳ አልነበርኩም። ከፊት ከፊት እየሄድኩ "ቀስ፣ እንዳይጋጭ" የምለው ነበርኩ።

የእሷን ስም ተናገርኩ። ቅዱስ ሆኜ አይደለም። መስመሩ ላይ ዕቃ በስካነር በመመዝገብ የሚደርስባት ስለሌለም ነው፤ ስላፈርኩም ነው። በዘይቱ ግን እስከ ዛሬም ትንሽ ይቆጨኛል።

ጋሼ አኮረፉኝ። ማኩረፍ ቢሉ ማኩረፍ ነው! ሃይዌይ ስለሚፈሩ መምጣቱን አልተዉም፣ ከኋላ ገብተው "እንደምን አደራችሁ" ይሉና ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። እጃቸው ብቻ ኤሲውን ለማስጠፋት ይነሳል። የእህታቸው ልጅ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፣ እኔ ዓይኑን ማየት አልችልም። ትክክል የመሰለኝን ነው ያደረግኩት፤ እሱ ግን ዛሬም ሶፋው ላይ ነው እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

አንድ ጠዋት ግን ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጉባኤው ይከፈት" አሉ። የእህታቸው ልጅ ከኛ ማዶ ያለው ዌርሃውስ ተቀብሎታል፤ በኛው ሺፍት ነው። ከሰኞ ጀምሮ አብሮን ይሂድ ወይ? አንድ ወንበር ባዶ ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ እንባዬ ሊመጣ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። "ደስ ይላል ጋሼ፣ ግን መኪናዋ እኮ ትንሽ ናት። ለጉልበትም ቦታ የላትም። ሦስታችን ደግሞ ተላምደናል፤ ቀድመን የገባነው..."

አጠገቤ ያለችው ሴት ሙሉ ለሙሉ ዞረች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ቀስ!" አለች በአገሯ ቋንቋ፣ ልክ እኔ ሰውየውን እንዳስመሰልኩት አድርጋ። "እንዳይጋጭ!"

ጋሼ ምን እንዳለች ለመረዳት ትርጉም አላስፈለጋቸውም፤ ታሪኩን ከኔ መቶ ጊዜ ሰምተውታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፣ ሳቃቸው ወደ ሳል እስኪለወጥ። ሁለቱም እጃቸውን አወጡ። እኔም አንድ እጄን ከመሪው ላይ አነሳሁ።

ሰኞ አራት ሆንን። ሰውየው ጨዋ ነው፣ አመስጋኝ ነው፣ እግሩን ሰብስቦ ይቀመጣል። ኤሲም አይወድም።