ትኩሳት ይዞታል

ደባርቅ ላይ ኮምፒዩተር በሙቀት ሞተ ብል ማን ያምነኛል? ጠራራ ፀሐይ ላይ ጋቢ ደርበን የምንውል ሰዎች ነን እኮ። የኔ ግን ሞተ፤ የገደለውም አፌ ነው።

ኮምፒዩተሩ ውስጥ የአባቴ ድምፅ ነበር። አባቴ የዜማ መምህር ነበሩ። በመጨረሻው ዓመት ማኅሌት መቆም ሲያቅታቸው አልጋቸው ላይ ሆነው ሲያዜሙ በስልኬ ቀድቼ ወደ ኮምፒዩተሩ አዛወርኩት። ስልኩ ጃናሞራ ለሥራ ስወጣ ጠፋ። ሌላ ቅጂ አላስቀመጥኩም፤ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ፣ የኔ ነገር! እናቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ኮምፒዩተሩ አጠገብ ወንበር ስባ ትቀመጥ ነበር። ድምፃቸውን ሳትሰማ እህል አትቀምስም ነበር።

አባቴ ባረፉ በሁለተኛው ዓመት ኮምፒዩተሩ በበራ በሩብ ሰዓቱ ድርግም እያለ ይጠፋ ጀመር። የጎኑን ክዳን ፈታሁ። ማራገቢያው በአቧራ ተለስኗል። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግኩ፤ ከማቀዝቀዣው ብረት ሥር የደረቀውን ቅባት ፍቄ አዲስ ቀባሁ። ማራገቢያው ግን እያቃሰተ አንዴ ይዞራል አንዴ ይቆማል። ክዳኑን ሳልገጥም መስኮት ሥር አስቀመጥኩትና መስኮቱን ብርግድ አድርጌ ከፈትኩት። ከቡይት ራስ ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ ገባለት፤ ሳይጠፋ ቆየ። ያኔ የአባቴን ድምፅ ሁሉ በአንድ ፋይል ጠቅልዬ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ጀመርኩ። ሰዓታት ይፈጃል። ዳባት ያለ አንድ ጠጋኝ ማራገቢያ አለኝ ብሎኝ ስለነበር እስኪያልቅ ደርሼ ልመለስ አልኩ።

ልወጣ ስል እናቴ ምን ሆኖ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ማስረዳቱ ታከተኝ። "ትኩሳት ይዞታል፤ እንዳታጠፊው" አልኳት። አፌን በቆረጠው!

ስመለስ መስኮቱ ተዘግቷል። ኮምፒዩተሩ የአባቴን ጋቢ እስከ አናቱ ተከናንቧል።

እኛ ቤት ትኩሳት ያለበት ሰው ነፋስ አይነካውም፤ በሩ ተዘግቶ፣ ተሸፋፍኖ እስኪያልበው ይተኛል። እኔንም እንደዚያ እያስታመመች ነው ያሳደገችኝ። መዳፏን ብታስነካው ይፋጃል፤ እኔ ደግሞ ራቁቱን ብርድ ላይ ጥየው ሄጃለሁ። አዘነችለት። ማጥፊያውንም እንዳልኳት አልነካችውም።

ጋቢውን ስገልጠው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ድምፁ የተቀመጠበት ሐርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ይልና ዝም ይላል። አቀዝቅዤ ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ወይ ፍንክች። ፍላሹ ላይ በግማሽ የቀረው ፋይል አልከፈት አለ።

"ገደልሽው!" ብዬ ጮህኩባት።

"ማንን?" አለችኝ።

አየችኝ፣ ወንበሯን አየች፣ ገባት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች።

ዲስኩን ጎንደር ድረስ ይዤው ሄድኩ፤ ጠጋኞቹ አይሆንም አሉኝ። እግሯ ላይ ወድቄ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ትኩሳት ያልኩሽ እኔ ነኝ አልኳት። ይሁን ብላ አነሳችኝ። ተቆጥታኝ ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ይህን ቤት ጭቃውን ራሷ አቡክታ ከአባቴ ጋር ያቆመች ሴት፣ አሁን አመሻሽ ላይ ከሥራ ስገባ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ አገኛታለሁ። እኔ ከመግባቴ በፊት ማብሪያውን አትነካም።

"መብራቱን ላብራው?" ብላ ታስፈቅደኛለች።