ከሾላው ላይ የወደቀው ወንድሜ

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ልክ እንደ ዛሬዋ የልጅ ልጄ።

ባለፈው እሑድ ልጄ እኔንና ልጆቿን ይዛ፣ ከለቡ መብራት ኃይል አለፍ ብሎ ወዳለ ዛፍ የበዛበት መዝናኛ ወሰደችን። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ፓስታ ወጣ፣ ሳንዱች ወጣ። ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬን ዘርግቼ "ተመስገን" እያልኩ ሳለሁ የልጅ ልጄ ከአንድ ዛፍ ጫፍ ላይ ሆና "እማማ፣ እይኝ!" አለች።

"ውረጂ!" ብዬ ጮኽኩ። በመዝናኛው ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"እማዬ ደግሞ!" አለች ልጄ እየሳቀች። "ልጅ ዛፍ ላይ ካልወጣ የት ይውጣ?"

እውነቷን ነው። እኔን ግን ያስጮኸኝ ትወድቃለች የሚል ፍርሃት አልነበረም። እኔ በእሷ ዕድሜ ዛፍ ላይ ሆኜ ያየሁት ነገር ነው።

የምንኖረው ብስራተ ገብርኤል ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቴ ጉልት ተቀምጣ፣ ሽንኩርትና ድንች እየሸጠች ነው እኔን፣ ታላቅ ወንድሜን ታምራትንና ታናሻችንን ማሙሽን ያሳደገችን። ወንድሟ ጋሼ ደጉ ወጌሻ ነበር። ሚስቱ ሞታበት አንድ ልጁን ሰለሞንን ብቻውን ያሳድጋል። በኳስ የተሰበረ፣ ከግንብ ሥራ ላይ የወደቀ ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚመጣው። ሰውየው ይጮኻል፣ ጋሼ ደጉ ይቀልዳል፤ ቀልዱ ሳያልቅ አጥንቱ ቦታው ይገባል።

በዚያ ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው እንደ ደረቀ እናቴ አንድ እንግዳ ነገር ጀመረች። እሑድ እሑድ ጉልቷን ትታ እኛን ሽርሽር መውሰድ! የምንሄደው የፊታውራሪው ጫካ ወደሚባለው ነው። ወንዙን ተሻግረን፣ የገብስ ማሳ ለማሳ ሄደን፣ ከድንጋይ የተሠራው ትልቅ በር ጋ እንደርሳለን። የፊታውራሪ የትናየት ግቢ ያኔ በደርግ ተወርሶ ነበር። ቤቱ ጣሪያው ወድቋል፣ በሩ በጥይት ተበሳስቷል፤ ጫካው ግን እንዳለ ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ከፍርስራሹ ጀርባ ደግሞ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ሾላ። ማሙሽ የጥይቱን ቀዳዳ በጣቱ እየለካ ይጫወታል።

"ብሉ እንጂ!" ይለናል ጋሼ ደጉ ድፎውን እየቆረሰ። "ፊታውራሪው ይህን ቢያዩ ከመቃብር ተነሥተው ጭሰኛ ያደርጉን ነበር።"

ደስታ ነበር። እናቴ ግን አትበላም፤ ታምራትን ታያለች።

ታምራት አሥራ ስምንት ሞልቶት ነበር። የብሔራዊ ውትድርናው ዙር እየደረሰ ነው። ከመንደራችን ቀደም ብለው ከሄዱት የተመለሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ዐይኑን እዚያው ሰሜን ጥሎ። እናትየው እየመራች በጉልታችን በኩል ስታሳልፈው እናቴ ሚዛኗን ይዛ ትደርቅ ነበር።

ከውትድርናው የሸሹ ልጆች ጫካው ውስጥ ይደበቁ ስለነበር አብዮት ጥበቃዎች እሑድ እሑድ ያስሳሉ። አንድ እሑድ ዳቦ እየበላን አንዱን ልጅ ከቁጥቋጦ ጎትተው አወጡት። በሰደፍ ጥርሱን መቱት። ሲወድቅ በጫማቸው ፊቱን ረገጡት፣ ከዚያ እግሩን ይዘው በእኛ ምንጣፍ አጠገብ እየጎተቱ አለፉ። ደሙ ሣሩ ላይ መስመር ሠራ። አፌ ውስጥ ያለውን ዳቦ መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። እናቴ ማሙሽን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዐይኑን ሸፍናለች፤ ዐይኗ ግን ጋሼ ደጉ ላይ ነው። እሱ አንገቱን ደፋ።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሼ ደጉ "ማገዶ እለቅማለሁ" ብሎ ፋስ ይዞ መጣ።

ከበላን በኋላ እናቴ ማሙሽን "ታሜን ሾላ አውርድልኝ በለው" አለችው። ማሙሽ ጎተጎተ፣ ታምራት "እሺ" ብሎ ተነሣ። ሰለሞን ማሙሽን እጁን ሊያስታጥበው ወደ ወንዙ ይዞት ወረደ። እኔ ደግሞ ቀድሜ ሮጬ ሾላው ላይ ወጥቻለሁ። ታሜ ሲመጣ አናቱ ላይ ፍሬ ልጥልበት! እየሳቅኩ፣ አፌን በእጄ ይዤ ቅጠሉ ውስጥ ተሸጎጥኩ።

መጡ። ሦስቱም። ታምራት መሬት ላይ ተኛ። እናቴ ነጠላዋን ጠቅልላ አፉ ውስጥ ከተተችና ደረቱ ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ደጉ የቀኝ ክንዱን በሁለት ድንጋይ ላይ እንደ ድልድይ አጋደመው።

"ወደ ላይ እይ፣ ታሜ። ክንድህን እንዳታይ።"

ታምራት ወደ ላይ አየ። አየኝ። እስከ ዛሬ ያ ዐይን ከእኔ አልተነቀለም።

የፋሱ ጀርባ አረፈ። አልሰበረውም። ታምራት እንደ በግ ተፈራገጠ፣ እናቴን ሊጥላት ደረሰ።

"እቴ፣ አልቻልኩም" አለ ጋሼ ደጉ።

"ጨክን!" አለች እናቴ ጥርሷን ነክሳ። "እነሱ እጅ ሲገባ እንዳንተ አይራሩለትም! ጨክን፣ ወንድሜ!"

ሁለተኛው ሰበረው። ድምፁ ሸንኮራ በጉልበት ሲሰበር እንደሚያሰማው ያለ ነው። ጋሼ ደጉ ፋሱን ወርውሮ ዞረና አስመለሰው። እናቴ አንድ ቅርንጫፍ ገንጥላ ታምራት ላይ ጣለች፣ ልብሱን አፈር አስነካች፣ ነጠላዋን ከአፉ አወጣች። ከዚያ በኋላ ነው "ኡ! ኡ! ልጄ ከዛፍ ወደቀ!" ብላ ጫካውን ያናወጠችው።

ማሙሽና ሰለሞን ከወንዙ ሮጠው መጡ። ጥበቃዎቹም መጡ። አለቃቸው ጓድ ክፍሌ ይባላል።

"በዚህ ወር ዛፉ ሁሉ ወንድ ወንዱን ነው እንዴ የሚጥለው?" አለና ጎንበስ ብሎ የተሰበረውን ክንድ ጠመዘዘው። ታምራት አንድ ጊዜ ጮኾ ራሱን ሳተ። ጓድ ክፍሌ ወደ ጋሼ ደጉ ዞረ። "አንተ ወጌሻው አይደለህም? ጠጋኝም ሰባሪም ሆንክ?" ብሎ በሰደፍ አፉን መታው። ክላሹን አቀባበለ። ለውትድርና የሚፈለግን ልጅ አካል ያጎደለ እንደሚረሸን ሁላችንም እናውቃለን።

ይኼኔ ቅርንጫፉ ከእግሬ ሥር ተንቋቋ። ሁሉም ቀና አሉ።

እናቴ ስታየኝ ፊቷ አመድ ሆነ። እዚያ መኖሬን አላወቀችም ነበር።

ጎትተው አወረዱኝ። ጓድ ክፍሌ በጥፊ አጮለኝና ጆሮዬ እየጮኸ "ከላይ ነበርሽ፤ ሁሉንም አይተሻል። ማነው የሰበረው?" አለኝ።

እናቴ አላየችኝም። መሬት መሬት ታያለች።

"ከአጠገቤ ነው የወደቀው" አልኩ። "ለማሙሽ ሾላ ሲቆርጥ።"

ማሙሽ እሪ አለ። "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ አውርድልኝ ያልኩት! ታሜን እኔ ነኝ የገደልኩት!" እያለ መሬት ላይ ተንከባለለ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ማስመሰል እንደማይሆን ጨካኝም ያውቃል። ጓድ ክፍሌ አየው፣ አየኝ፣ ምራቁን ተፋ። "ሲድን እንወስደዋለን" ብሎ ሄደ።

ጋሼ ደጉ ከአፉ ደም እየተንጠባጠበ የምግቡን ቅርጫት ሳበው። ከዳቦው ሥር የተሰነጠቀ ሸንበቆ፣ ጨርቅና ቅቤ ተቀምጧል። ያ ሁሉ ሽርሽር ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ክንዱን ሆን ብሎ አጣሞ አሰረው፤ በዕድሜው አጣሞ የጠገነው አጥንት ያ ብቻ ነው። ታምራት መሣሪያ አይዝም ተብሎ ቀረ። ዛሬ የሰባት ልጆች አያት ነው። ማሙሽ አድጎ እውነቱን እስኪሰማ ድረስ ሾላ በአፉ አልዞረም።

የልጅ ልጄ ከዛፏ ወርዳ "ለምን ጮኽሽብኝ?" አለችኝ። ከላይ ሆና ቁልቁል ስታይ ያየችው ምንጣፍ፣ ፓስታና የሚስቁ ሰዎች ነው። ይብቃት ብዬ ጉንጯን ሳምኳት።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሰለሞን ተራ ደረሰ። እናቴ ድፎ ደፋች፣ ቅርጫቱን አዘጋጀች፣ ወደ ጫካው ሄድን። ጋሼ ደጉ ልጁን ከሾላው ሥር አስተኛው፣ ፋሱን አነሣ፣ ቆየ፣ መልሶ አስቀመጠው። "አምጣ፣ ልምታልህ እኔ" አለችው እናቴ፤ እሱ ልጁን እጁን ይዞ አስነሣው። ወደ ቤት ተመለስን። በዚያው ሳምንት ሰለሞንን ከትምህርት ቤት ሲወጣ አፈሱት። አልተመለሰም።

ጋሼ ደጉ ከዚያ በኋላ ወጌሻነቱን ተወ። የተሰበረ ይዘው ሲመጡ "ሐኪም ቤት ውሰዱት" ብሎ በሩን ይዘጋል። ክረምት ሲገባና የታምራት ክንድ ሲጠዘጥዘው ግን፣ እስኪሞት ድረስ፣ ቅቤውን ይዞ እቤታችን እየመጣ ያሸው ነበር።