ሚስማሩን አይንቀሉት

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ አዳማ ላይ ጎማ ሲጠግኑ የኖሩ ጎሚስታ ናቸው። ልጅ ሆኜ ሥራ ቤታቸው ልገባ ስል «ሂጂ፣ እጅሽ ጎማ ይሸታል» እያሉ ከበር ይመልሱኝ ነበር። ሙያውን ያስተማሩት ታናሽ ወንድሜን ነው፤ እሱ ደግሞ ትቶት ባቱ አበባ እርሻ ተቀጠረ፤ የሚያገባትንም እዚያው አገኘ። እኔ ግን ከበር ላይ ሆኜም ብዙ አይቻለሁ።

ያን ቀን አባባንና ሁለት የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ጭኜ፣ ልጅቷን ለወንድሜ ሊጠይቁ ወደ ባቱ እየነዳሁ ነበር። አባቷ «አራት ሰዓት» ብለዋል። ባለፈው ከሌላ ቤት ተልከው ያረፈዱ ሽማግሌዎችን ከደጅ እንደመለሱ ወንድሜ አሥር ጊዜ ነግሮኛል። መቂን አልፈን ብዙም ሳንርቅ የኋላው ጎማ ተነፈሰ።

«ትርፍ ጎማውን አውጪ» አሉ አባባ፣ ገና ሳይወርዱ።

«የለውም አባባ። የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ በምትኩ የሰጡን ይሄን ነው።» የጎማ መድፈኛ ፈሳሽ ያለበትን ጠርሙስና ትንሿን የአየር መሙያ ኮምፕረሰር አወጣሁ።

ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። «ሽሮፕ ነው? ጎማው ጉንፋን ይዞታል?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ መመሪያውን ሁለቴ አንብቤዋለሁ፣ እንደሚሠራም አውቃለሁ።

የሚስማሩ ጭንቅላት ጎማው መሀል ላይ ይታያል። «ሚስማሩን አይንቀሉት፤ ፈሳሹ ዙሪያውን ይደፍነዋል» ብዬ የኮምፕረሰሩን ገመድ ልሰካ ወደ ውስጥ ገባሁ። ስመለስ ሚስማሩ በጣቶቻቸው መሀል ነው። ያ ሁሉ ዘመን ሚስማር የነቀለ እጅ እኔን መች ሊሰማ። የቀረችውም አየር እያፏጨች ወጣች።

«አልኩዎት እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ቀዳዳው ወደ ታች፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ እስኪሆን መኪናውን አንድ እርምጃ ያህል አስጠጋሁ፤ ፈሳሹ እዚያ እንዲጠራቀም።

«አውራ ጣትዎን እዚህ ይጫኑ። በቃ እስክል እንዳይለቁ።»

በዚያ በነጭ ጋቢያቸው ተንበረከኩ። ጠርሙሱን ገጠምኩ፣ ቱቦውን አጠበቅሁ፣ ኮምፕረሰሩን አስነሣሁ። ነጩ ፈሳሽ በጣታቸው ዳር ተፍ ተፍ አለ፤ ቀነሰ፤ ቆመ። ጎማው ቀስ እያለ ቀና አለ።

«እጄን ልታጠብ» አሉ።

«ጊዜ የለም፤ ፈሳሹ እንዲዳረስ ወዲያው መነዳት አለበት። ይግቡ!»

ገቡ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄጄ አየሩን ለካሁት፤ አልወረደም። ባቱ የገባነው ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ገብተው ቆሙ፤ ጥያቄያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። እኔ እንደልማዴ በር ላይ ቀረሁ። የልጅቷ አባት ሊጨብጡ እጃቸውን ሲዘረጉ የአባባ ጣት ላይ የደረቀውን ነጭ ነገር አዩ።

«ጣትዎን ምን ነካው?»

አባባ መንገዱን ሙሉ ሲያጠኑት የመጡት ንግግር ነበራቸው። እሱን ተዉት።

«ጎማ ተነፈሰብን» አሉ። «እኔ አበላሸሁት፤ ልጄ ሠራችው።» ወደ በሩ ዞሩ። «ያቻት። እሷም ትግባ።»

ገባሁና ከጎናቸው ቆምኩ።